ጭስ ሲጠፋ ጋዙ አይጠፋም

በየዓመቱ በጥቅምት ወር ከባለቤቴ ወንድም ጋር ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እወጣለሁ። ሌሊት የባልዲው ውኃ በረዶ ይሆናል። የምናድረው በወፍራም የጥጥ ሸራ ድንኳን ነው፤ ሸራው እንደ ፕላስቲክ አያፍንም፣ የትንፋሻችንን እርጥበት ያስወጣል። በሩ አጠገብ ያለችው የብረት ምድጃ በእንጨት ትነዳለች፤ ቡና ታፈላለች፣ የራሰ ካልሲ ታደርቃለች።

ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል። ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ እሳት በሚችል ጨርቅ የተከፈፈ ነው፤ ጫፉም ብልጭታ የሚይዝ ወንፊት አለው።

አማቼ ግን ይህ ብቻ አይበቃውም። ከመተኛታችን በፊት የአየር ማስገቢያውን ይከፍታል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ይፈትሻል። «ይሄ ጋዝ አይታይ፣ አይሸት፤ እንቅልፍ መስሎህ ትቀራለህ» ይለኛል።

በክረምት አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ስደውል የማነሳው ይህንኑ ነው። የከሰል ምድጃ ቧንቧ የለውም፤ ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ ጋዙን ማውጣቱን አይተውም። ስለዚህ ከሰል አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ንጹህ አየር ውጡ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ሂዱ። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሻላል።