ያረጀ የቅንጦት መኪና ከመግዛት በፊት፦ ሊብሬው፣ ዳገቱና ሶማሌ ተራ

የአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ ገብሱንና ነጭ ሽንኩርቱን ሸጦ እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ፣ ደህና መኪና ለመግዛት ፊቱን የሚያዞረው ወደ ጎንደር፣ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ ነው። ደላላው በስልክ የሚያቀርብለት ዕቃም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ላንድ ክሩዘር ነው፣ የኤምባሲ ነው፣ ያልተነካ ነው። ወይም ደግሞ አንድ ባለሀብት እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቀው የኖረ መርሴዲስ ነው። መኪናው ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የቆዳ ወንበሩና ኮፈኑ ላይ ያለው ምልክት ግን ዛሬም ባለቤቱን ያስከብራል። ዋጋው የብዙ መኸር ትርፍ ነው።

በሌላው ዓለም ያረጀ የቅንጦት መኪና ርካሽ ነው። አውሮፓ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የተነዳ ሬንጅ ሮቨር አዲስ በነበረበት ጊዜ ካወጣው ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ያወጣል። ገዢው ከመኪናው ጋር የሚመጣውን የጥገና ወጪም እየገዛ መሆኑን ገበያው ስለሚያውቅ ዋጋው ላይ አስቀድሞ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ሒሳቡ የተገለበጠ ነው። የአሮጌ መኪናን ዋጋ ከፍ አድርጎ የያዘው የመኪናው ጤንነት ሳይሆን እጥረቱ ነው።

እጥረቱን የፈጠረው ደግሞ በአብዛኛው ሕግ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አውቶሞቢል 100 ከመቶ ይከፍል ነበር። በዚህ ላይ 35 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 ከመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ሲሰሉ፣ ወደብ ላይ 100 ብር ያወጣ መኪና ከ340 ብር በላይ ሆኖ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገሉ መኪኖችን ለየ፤ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር መጣኔው እየጨመረ እስከ 500 ከመቶ ይደርሳል። ሌሎቹ ታክሶች በቀድሞው መጣኔ ቢታሰቡ ያው 100 ብር ከ1,000 ብር ያልፋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መኪና የውጭ ምንዛሪ ከተከለከላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች ውስጥ ገባ። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በመሆኑም ሻጩ የሚጠራው ዋጋ ስለ መኪናው ሁኔታ የሚነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በደንብ የተያዘውም ሆነ በስቱኮና በቀለም የተሸፈነው ከተቀራራቢ ዋጋ ይነሳሉ። ልዩነቱን ፈልጎ ማግኘት የገዢው ሥራ ነው።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይቀድማል

ብዙ ገዢ መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ሊብሬውን የሚያነብ ሰው ይዞ የሚሄደው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የተበላሸ ሞተር በገንዘብ ይጠገናል፤ የተበላሸ ወረቀት አንዳንዴ ፈጽሞ አይጠገንም።

«የኤምባሲ ነው» የሚለው ቃል ለገዢው ጆሮ ጥሩ አያያዝ ማለት ነው። ለጉምሩክ ግን ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ንብረት ማለት ሊሆን ይችላል። በቀረጥ ነፃ የገባ የዲፕሎማት፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም የኢንቨስትመንት መኪና መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጥና ታክሱ ሲከፈል ነው። በቆየው የሰሌዳ ሥርዓት ኮድ 5 ወይም የዲፕሎማት ሰሌዳ ያለበት መኪና ሲታይ ጥያቄው ወዲያው ይነሳል። አስቸጋሪው ግን ሰሌዳው ተራ ሆኖ ታሪኩ ቀረጥ ነፃ የሆነው ነው። ስለዚህ ገዢው ሊብሬውን ብቻ ሳይሆን ዲክላራሲዮኑን ይጠይቅ፤ ቀረጥ የሚቀረው ከሆነም የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ከጉምሩክ በጽሑፍ ይወቅ። ደላላው በቃል የሚናገረው ግምት ለዚህ አይሆንም።

ለሰሜን ሰው ይህ ጉዳይ በተለይ ይቀርበዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅ ለሚሄደው ቱሪስት ላንድ ክሩዘር ዋነኛ ማመላለሻ ሆኖ ኖሯል፤ አስጎብኚ ድርጅቶችም መኪና በቀረጥ ነፃ እንዲያስገቡ የተፈቀደበት ጊዜ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ሥራው ቆመ። እንዲህ ያለ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ሁለት ነገር ይታያል፦ የቀረጡ ጉዳይ መዘጋቱና መኪናው ስንት ጊዜ ቆሞ እንደከረመ። የቆመ መኪና ቢያንስ ጎማው ይደርቃል፣ የፍሬን ዘይቱ ውሃ ይስባል፣ ሰልባትዮው ውስጥ ዝቃጭ ይተኛል። ኪሎ ሜትሩ ግን አልጨመረም፤ ደላላውም የሚያሳየው እሱን ነው።

ቀጥሎ ዕዳና ዕገዳ ነው። መኪናው የተመዘገበበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይሉን አይቶ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚያዝ ዋስትና የሚመዘገብበትን ሥርዓት በብሔራዊ ባንክ ሥር አቋቁሟል፤ መኪናው ለብድር የተያዘ መሆን አለመሆኑን እዚያም መመልከት ይቻላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በዓይን ይመሳከር። ሻንሲው ላይ የተፋቀ፣ እንደገና የተመታ ወይም በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ቁጥር ካለ ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

ከሁሉም የከፋው «በውክልና ይዘኸው ሂድ፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» የሚለው ነው። ስም ለማዞር የሚወጣውን ወጪ ለማሸሽ ሲባል መኪና በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞት ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሥልጣኑ ይቀራል። ያን ጊዜ ገዢው በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከፍሎ ሲያበቃ ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይከራከራል።

ከዳገቱ የማይደበቅ

አምባ ጊዮርጊስ ያለው ወደ 3,000 ሜትር በተጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ጎንደር ላይ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና በዚያ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ የደበቀውን ያወጣል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ውሃ የሚፈላው ደግሞ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ጤነኛ መኪና አይፈላም፤ ክዳኑ የላላ፣ ራዲያተሩ በዝገት የተደፈነ ወይም የቴስታታ ጋርኒሲዮኑ የሄደ መኪና ግን ዳገቱ መሐል ላይ መርፌውን ወደ ላይ ይሰቅላል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ። ውሃው ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ወይም የዘይት መለኪያው ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ዘይትና ውሃው ተገናኝተዋል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ብቻ ከሆነ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለሚመታው አገር ሌላ አደጋ ነው።

ጭስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ደላላ ከፍታን ለሁሉም ነገር ምክንያት ያደርጋልና። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ ለምሳሌ ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድ ክሩዘር ሞተር፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አየር ስላነሰው ሊሆን ይችላል፤ ፖምፓውን በማስተካከል የሚቀንስም ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ከፍታው ምክንያት አይሆንም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ወደ ጋርኒሲዮኑ ይመልሰናል።

ሻጩ መኪናውን አሙቆ ከጠበቀ ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይዛወር። ኮፈኑ ቀዝቃዛ መሆኑ በእጅ ይዳሰስ። ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ በርተው ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባቸው፤ ጭራሽ ያልበራ መብራት ካለ አምፖሉ ሆን ተብሎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ማርሽ ሲገባ የሚዘገይ ወይም የሚመታ መሆኑ ይታይ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቢወርድም የፔዳሉ ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ አይወርዱም።

ፍሬን የሚፈተነው በቁልቁለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከደባርቅ አልፎ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ አለ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀደዱት ይህ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና እዚያ ሲወርድ ያረጀ የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ለፈተና ሊማሊሞ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ሲመለሱ ያለው ቁልቁለት በቂ ነው።

መለዋወጫው የት አለ?

ላንድ ክሩዘርን ከሬንጅ ሮቨርና ከመርሴዲስ የሚለየው ምቾቱ አይደለም፤ በምቾት እንኳ ሁለቱ ይበልጡታል። የሚለየው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስም ያገለገለም ዕቃ ማግኘት መቻሉና ጎንደር ያለው መካኒክ ሞተሩን ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር በአየር ከረጢት ላይ የቆመ ነው፤ ከረጢቱና መጭመቂያው ሲያረጁ መኪናው በአንድ ጎኑ ይተኛል። ማታ አቁሞ ጠዋት ከፍታውን መለካት ነው፤ ካዘነበለ ሒሳቡ ይታወቅ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ መርሴዲሶች ደግሞ የሞተር ሽቦ ሽፋናቸው በሙቀት እየተፈረካከሰ የሚረግፍ ነው። ሽቦው ካልተቀየረ አንድ ቀን ሲሊንደር ይስታል፣ ሌላ ቀን ጭራሽ አይነሳም፤ መካኒኩም ደህናውን ዕቃ ሁሉ ሲቀያይር ይከርማል። በዕድሜ የቆየው፣ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የናፍጣ መርሴዲስ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የለበትምና። ጉልበትም ግን የለውም፤ የወገራን ዳገት በትዕግሥት ነው የሚወጣው።

ላንድ ክሩዘርም ቢሆን ያለ ጥያቄ አይታለፍም። ባለ 4.7 ሊትሩ የቤንዚን ቪ8 ታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋ መቀነስ ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ላይ የሠራ ከሆነ ሥሩ ገብቶ ሻንሲው፣ በተለይ የመሪው ሳጥን በታሰረበት አካባቢ፣ ስንጥቅና ብየዳ ይፈለግ።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ነጋዴ 3 ሚሊዮን ብር አውጥቶ ያረጀ መኪና ገዛ እንበል። ያ ገንዘብ በእህል ንግድ ላይ በዓመት ሦስት ጊዜ ተገላብጦ በየጊዜው 10 ከመቶ ያተርፍ ከነበረ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ እንኳ በዓመት 900 ሺሕ ብር ይበላል። በብድር የተገዛ ከሆነ ወለዱ ይጨመርበት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በእርግጥ እስካሁን የመኪናው ዋጋ በብር እየጨመረ ስለሄደ ብዙዎች መኪናን እንደ ቁጠባ ቆጥረውታል፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ዋጋው የሚጨምረው ለሚነሳና ስሙ ለሚዞር መኪና ነው። ዕቃውም በዶላር ስለሚመጣ የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር እኩል ይሮጣል። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ከዋጋው አንድ አምስተኛ ለብቻ ማስቀመጥ ያልቻለ ገዢ አነስ ወዳለ መኪና ቢወርድ ይሻለዋል።

ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ እንጂ መኪናው ዓመት ሲቆይ አይደለም፤ ስለዚህ መካኒኩን ደላላው አይምረጠው። ሕጉ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል ሲገባ ደግሞ ይህ መንገድ ይጠብባል፤ ቃሉ እንዲወጣ መጠየቅ፣ ካልወጣም ዋጋውን ማስቀነስ ነው። ቀረጡ ተከፍሎ ያለቀ መሆኑን፣ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበትና ካለ ሻጩ እንደሚከፍል ውሉ በግልጽ ይናገር። ውሉም በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ ቀሪው ገንዘብ በሲፒኦ ተዘጋጅቶ ስሙ በሚዞርበት ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሰጥ።