ራስን መግዛት በመጠይቅ ሲለካ

በሥነ ልቦና ራስን መግዛት የሚባለው ነጠላ ችሎታ አይደለም። የተበታተነ ሐሳብን ሰብስቦ ወደ ሥራ መመለስ፣ ቁጣን ማብረድ፣ የእጅና የአፍን ችኩልነት መግታት፣ ለወራት የሚዘልቅ ዕቅድ ይዞ መቆየት ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ። እድገቱም አዝጋሚ ነው። ሎረንስ ስታይንበርግና ባልደረቦቹ ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 30 ዓመት የሆነ ከ5,000 በላይ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳተሙት፣ አዲስና አስደሳች ነገር የመሻት ስሜት 19 ዓመት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፤ ራስን የመግዛት ችሎታ ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል። ወላጅንም መምህርንም የሚያስጨንቁት በመካከል ያሉት ዓመታት ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ችሎታው የት እንደደረሰ ለማወቅ ተመራማሪዎች አብዝተው የሚይዙት መሣሪያ ደግሞ መጠይቅ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመላው ክፍል ይታደላል።

መጠይቁ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ተማሪው አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይቀርቡለትና «ፈጽሞ አይገልጸኝም» ከሚለው እስከ «በጣም ይገልጸኛል» ካሉት አምስት ደረጃዎች አንዱን ያከብባል። የአመላለሱ ሥርዓት መነሻ አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት በ1932 ያቀረበው ዘዴ ነው። በስፋት ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱን ጁን ታንግኒ፣ ሮይ ባውማይስተርና አንጂ ቡን በ2004 አሳትመዋል፤ ሙሉው 36፣ አጭሩ 13 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። በአጭሩ የሚገኘው ውጤት ከ13 እስከ 65 ይደርሳል። ከ13ቱ ዘጠኙ ድክመትን የሚናገሩ ስለሆኑ ነጥባቸው ተገልብጦ ይቆጠራል፤ «ጥናት ስጀምር ስልኬን ማስቀመጥ ያቅተኛል» ለሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር 5 ያከበበ ተማሪ 1 ነጥብ ብቻ ያገኛል። ሳያነብ ሁሉንም 5 እያለ የጨረሰ ተማሪ እንግዲህ 65 ሳይሆን 29 ይወጣለታል ማለት ነው። ይህ ቸልተኛን ያጋልጣል፤ ሆኖም ንባብ የሚከብዳቸውን ልጆችም አብሮ ያሳስታል።

መለኪያው የሚጸና መሆኑ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። አንደኛው ፍተሻ ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ይስማሙ እንደሆነ ያያል፤ ለዚህ ሊ ክሮንባክ በ1951 ያስተዋወቀው «አልፋ» የተባለ ቁጥር ያገለግላል፤ ወደ 1 በቀረበ መጠን ስምምነቱ ይጠነክራል። ሁለተኛው ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ሲጠየቅ ተቀራራቢ መልስ መስጠት አለመስጠቱን ይመለከታል። የታንግኒ አጭር መለኪያ ከሦስት ሳምንት በኋላ የ0.87 ተዛምዶ (የሁለት ውጤቶች አብሮ የመሄድ መጠን) ነበረው። ቁጥሩ የሚያስመሰግን ቢሆንም የተገኘው ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። የ13 ዓመት ልጅ ራሱን የሚያይበት ዓይን የሃያ ዓመት ወጣት ራሱን ከሚያይበት ይለያል። ክሪስቲን ሞይላነን በ2007 ለጉርምስና ዕድሜ ብቻ የተዘጋጀ ባለ 36 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ ያቀረበችው ለዚህ ነው። መጠይቋ የዛሬን ፈተና መቋቋምን (በክፍል ውስጥ አለመቅበጥበጥን፣ ስሜትን መያዝን) ሩቅ ግብን ከመከተል ለይቶ ይለካል። ልዩነቱ ተገቢ ነው፤ መቀመጫው ላይ መርጋት የሚያቅተው ልጅ ለዓመት የሚሆን ገንዘብ ሊያጠራቅም ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች ከወረቀት ውጭ ምን ይናገራሉ? አንጀላ ዳክዎርዝና ማርቲን ሰሊግማን በ2005 ባወጡት ጥናት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ራሳቸውን፣ ወላጆቻቸውንና መምህሮቻቸውን በመጠይቅ ጠየቁ። ለተማሪዎቹም አንድ ዶላር ያለበት ፖስታ ሰጡ፤ ገንዘቡን እዚያው መውሰድ ወይም መልሰው ከሳምንት በኋላ ሁለት ዶላር መቀበል ምርጫው የእነሱ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት የዓመቱን መጨረሻ ነጥብ በመተንበይ ከአእምሮ ብቃት ፈተና ከእጥፍ በላይ በለጠ። በኒውዚላንድ ዱኒደን ከተማ በ1972 እና 1973 የተወለዱ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ ራቅ ብሎ ሄዷል። ቴሪ ሞፊትና ባልደረቦቿ በ2011 እንዳሳዩት፣ ከ3 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ በታዛቢዎች፣ በወላጆች፣ በመምህራንና በልጆቹ በራሳቸው የተመዘነው ራስን መግዛት በ32 ዓመታቸው ከነበራቸው ጤና፣ የገንዘብ ይዞታና የወንጀል መዝገብ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የቤተሰብ ኑሮና የአእምሮ ብቃት ከግምት ከገቡም በኋላ ግንኙነቱ አልጠፋም። በሁለቱም ጥናቶች የልጁ ቃል ብቻውን አልተወሰደም።

ችግሩ የሚጀምረው መጠይቁ ከላቦራቶሪ ፈተና ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ነው። ዳክዎርዝና ማርጋሬት ከርን በ2011 በ282 ናሙናዎች ውስጥ ያሉ ከ33,000 በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው መርምረዋል። በሰውዬው በራሱ የሚሞሉት መጠይቆች እርስ በርስ የ0.50 ያህል ተዛምዶ አላቸው፤ መጠይቁና አእምሮ ችኩልነትን እንዴት እንደሚገታ የሚለኩት የላቦራቶሪ ሥራዎች ግን የሚገናኙት በ0.10 ገደማ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው ማለት ቀላል ነበር፤ ግን የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ላቦራቶሪው ልጁ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አቅሙን አሟጦ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያያል፤ መጠይቁ በዘወትር ኑሮው፣ ጓደኛ ሲጠራውና እንቅልፍ ሲያዳፋው ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል። የዓመት ውጤትን ለመተንበይ ሁለተኛው ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ሌላ ነው። «ጠንክሬ እሠራለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ልጅ ጥንካሬን የሚሰፍርበት ቁና ከአካባቢው የተዋሰው ነው፤ ቁናው ደግሞ ከገበያ ገበያ ይለያያል። ማርቲን ዌስትና ባልደረቦቹ በቦስተን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ሠርተው በ2016 ያወጡት ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ጥብቅ ሥነ ሥርዓት ባላቸውና የተማሪዎቻቸውን የፈተና ውጤት ከፍ በሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች፣ ራስን በመግዛት ረገድ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ካሉት ያነሰ ነበር። ልጆቹ ሰንፈው ሳይሆን ጥሩ የሚሉት ደረጃ ከፍ ብሎባቸው ይመስላል። እንግዲህ የሁለት ትምህርት ቤቶችን አማካይ አስቀምጦ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት ፍርድን ሊገለብጥ ይችላል። አገርን ከአገር ማወዳደር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም የቋንቋው ልዩነትም ይጨመርበታል። ተርጓሚዎች ጽሑፉን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ አዙረው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ እንዲተረጉመው በማድረግ ስህተት ይለቅማሉ፤ ቁናውን ግን ትርጉም አያስተካክለውም።

ለዚህ ይመስላል አንዳንድ ጥናቶች ቃልን ትተው ወደ ተግባር የዞሩት። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሦስት ሺህ ገደማ ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት፣ ታናሾቹ ተሳታፊዎች 12 ዓመት ሲሞላቸው ሬሰር የሚባል የታብሌት ፈተና ተጠቅሟል። ልጁ በስክሪኑ ላይ ምልክት ይመጣለታል፤ አንዳንዴ ምልክቱ በታየበት ወገን፣ አንዳንዴ እጁን ከሚስበው ወገን ገትቶ በተቃራኒው እንዲነካ ይጠየቃል። ብዙ ንባብ አይፈልግም፣ ራስን ከጎረቤት ጋር ማስተያየትም የለበትም። የሚለካው ግን ከላይ እንደተባለው ያንኑ የላቦራቶሪውን ቁራጭ ነው።

የቁናውን ልዩነት ለመቀነስ የተሞከረ ሌላ መንገድም አለ። ተማሪው ስለ ራሱ ከመመለሱ በፊት ወይም በኋላ በወረቀት ላይ የተሳሉ ምናባዊ ልጆችን ይመዝናል፤ አንዱ የቤት ሥራውን ሁልጊዜ በጊዜ ይጨርሳል፣ ሌላው አንዳንዴ ይረሳል። ሁሉም ተማሪ የሚመዝናቸው ልጆች አንድ ስለሆኑ፣ የሰጣቸው ነጥብ ቁናው ጠባብ ይሁን ሰፊ ያሳያል፤ የራሱ መልስም በዚያው ይታረማል። ፒሳ የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና በ2012 ይህን ዘዴ ሞክሯል። የሚያስከፍለው ዋጋ የመጠይቁ መርዘም ነው፤ የደከመ ልጅ ደግሞ እንደገና ሳያነብ ማክበብ ይጀምራል።

በአንድ ልጅ ላይ ለመወሰን ሲባል ደግሞ መጠይቁ ከሚመስለው በላይ ግምታዊ ነው። የውጤቶቹ መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የመራቃቸው መጠን) 8፣ አስተማማኝነታቸው 0.84 የሆነ መለኪያ ቢወሰድ የስህተቱ መጠን 3.2 ነጥብ ያህል ይሆናል። ስለዚህ 42 ያገኘ ተማሪ ትክክለኛ ደረጃው ከ36 እስከ 48 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ 46 ካገኘው ጓደኛው በርግጥ ያንሳል ማለት አይቻልም። የመቶ ተማሪዎችን አማካይ ሲያወጡ ይህ ድንገተኛ ስህተት ይጠፋፋል። በአካባቢ መስፈርት የሚመጣው መዛነፍ ግን ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋ በቁጥር ብዛት አይጠፋም። ራስን የመግዛት ሥልጠና ሰጥቶ ውጤቱን በዚሁ መጠይቅ ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም፣ ልጆቹ ስለ ራሳቸው ጥብቅ እየሆኑ በመሄዳቸው ብቻ ነጥባቸው ሲወርድ ሊያይ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመምህሩ መጠይቅ፣ የመቅረት መዝገቡና የቤት ሥራው ደብተር አብረው ካልታዩ የሥልጠናውን ውጤት ከመስፈርቱ መጥበቅ መለየት አይቻልም።