«ቋ!» ስትል ዝም አትበላት

ነቀምቴ ውስጥ የአባቱን አሮጌ ላንድሮቨር የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ማርሽ ቀይሮ ነዳጅ ሲሰጣት ከሆዷ ስር «ቋ!» ትላለች። እሱ ግን «እርጅና ነው» እያለ ጊምቢ ይመላለስባታል። እኔም የደዴሳን ቁልቁለት አብሬው ወርጃለሁ፤ ሞኝነት!

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። መፍቻ ሳያነሱ በፊት ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አስገቡ። ወዳጄ ሳቀ።

«ጋሼ፣ የእጅ ፍሬን ይዣለሁ እኮ!»

«ልጄ፣ የዚህች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። የኋላው ክሮቸራ ከተበጠሰ ፍሬኑም ይከዳሃል። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሳም አትመነው።»

ሳቁ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከወጣችው ከመጀመሪያዋ ጀምሮ አሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች እንዲህ ናቸው።

ክሮቸራ ዘንጉ እየታጠፈም እንዲዞር የሚያደርግ መስቀል መሰል ብረት ነው። በአራቱ ጫፎቹ መርፌ የሚያካክሉ ኩሽኔታዎች አሉ። ግራሶ ሲደርቅባቸው ቀይ የዝገት ዱቄት ይሆናሉ፣ መስቀሉ ይበላል፣ «ቋ!» ይመጣል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፤ ሞተር አጥፉ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ዘንጉን ይዛችሁ ግራ ቀኝ ሞክሩት። መስቀሉ ላይ ከላላ ይቀየር። ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበት፤ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች ከተዛነፉ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ጭቃና ውሃ ካለፋችሁ በኋላም ግራሶ አትንፈጓት።

ማታ አባቱ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከወንበሩ ስር የነበረው ድንጋዬስ?»

ወዳጄ «ቆሻሻ» ብሎ ጥሎት ኖሯል።