ገመናችንን ስንሸፍን ልጃችንን ልናጣ ነበር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ስለ አገራችን ፖለቲካ ስንከራከር ስንት ጊዜ ጠቅሰነዋል! በራሳችን ቤት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በሽታ ደብቀን ኖረናል። ይህን የምንጽፈው በሜሪላንድ የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ አንዳችን ታክሲ ነጂ፣ አንዳችን በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ። ስማችንን ያልጻፍነው ለልጃችን ብለን እንጂ አፍረን አይደለም። ማፈሩስ በቅቶናል።

ልጃችንን በየሰልፉ ትከሻችን ላይ አድርገን፣ ባንዲራ አስይዘን ነው ያሳደግነው። 15 ዓመት ሲሞላው የክፍሉን በር መዝጋት ጀመረ። ገላውን መታጠብ ተወ፤ የትምህርት ውጤቱ ወረደ። ከኪሱ ያገኘናትን ትንሽ ዕቃ የኮምፒውተር ፍላሽ መስላን መልሰን ከተትናት። ለካ ማሪዋና የሚስብባት ኖሯል! አንድ ምሽት ስለ አገር ጉዳይ በዙም ስንከራከር ከፎቅ ሲጮህ ሰማን። ከጓደኛው ጋር በስልክ የተጣላ መሰለን። ስልኩ ግን እኛው አጠገብ ቻርጅ ላይ ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። የታክሲና የመጦሪያ ቤት እንግሊዝኛችን ለሐኪም ቋንቋ አልበቃም፤ አስተርጓሚም ስላልጠየቅን የሚያስተረጉምልን በሽተኛው ራሱ ሆነ። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። እሱ «ደክሞሃል፣ በደንብ ተኛ ነው የምትለው» አለን። አመስግነን ወጣን፤ የሰጠችንንም ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተትነው።

ከዚያ በኋላ መደበቅ ሆነ ሥራችን። ለሰው «ትምህርት በዝቶበት ነው» እንላለን፤ እርስ በርሳችን ደግሞ «ይህ የመጣው በእናንተ ዘር ነው» እንባባላለን። አማኑኤል የሚለው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ስም እንደ ስድብ ሲነገር ሰምተን ያደግን ሰዎች፣ «ልጃችን አእምሮውን ታመመ» ለማለት አፋችን አልፈታ አለ። ዘመድ «አገር ቤት ላኩት፤ ጠበል ይጠመቅ፣ ከመጥፎ ጓደኛም ይራቅ» ሲለን የቲኬት ዋጋ እስከ መጠየቅ ደረስን። ያስቆሙን የንስሐ አባታችን ናቸው። «ጠበሉ እዚህም አለ። ሐኪሙንስ ማን ፈጠረውና? ታሞ ሳለ በማያውቀው አገር ለማን ትጥሉታላችሁ?» አሉን።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2022 ከጓደኛው የተቀበለውን አንድ ክኒን ውጦ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ወለል ላይ ወድቆ አገኘነው። የአምቡላንስ ሠራተኞች ናሎክሶን በአፍንጫው ሲረጩለት ተነፈሰ። ክኒኑ ፈንታኒል የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ነበር። ፈንታኒል ከሄሮይን 50 ጊዜ ያህል የበረታ ነው።

አምቡላንሱን ጎረቤት ሁሉ አየው፤ የምንደብቀውም አለቀ። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ሰላም የምንላት እህት ጀበናዋን ይዛ መጣች። ቡናው ሳይፈላ አለቀሰች። «የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው» አለች። ስንት እሑድ «ልጆች ደህና ናቸው?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን ተለያይተናል!

ወገኖቻችን፣ በብዙ ዋጋ ያወቅነውን በነጻ እንንገራችሁ።

የዛሬው ማሪዋና የድሮው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ የሚያዘው ማሪዋና በ1995 የነበረው የቲ.ኤች.ሲ. መጠን 4 በመቶ ያህል ነበር፤ በ2021 ከ15 በመቶ አልፏል። ለሳይኮሲስ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ ለሚያሰማው ሕመም፣ በተጋለጠ ወጣት ላይ አደጋው የከፋ ነው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የፈቀደችውም 21 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነው።

ሱሱና ሕመሙ አብረው መታከም አለባቸው። «መጀመሪያ ማጨሱን ይተው» እያሉ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ጠይቁ!

ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፋርማሲ ይሸጣል። ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ብትጠቀሙበትም 911 መደወል አትተዉ። ልጃችሁ ራሱን ሊጎዳ ነው ብላችሁ ከሰጋችሁ ከሐምሌ 2022 ወዲህ 988 ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሐኪሞቹ ያለ ፈቃዱ በአብዛኛው አያነጋግሯችሁም። ስለዚህ ደህና በሆነበት ቀን ተማከሩና ፈቃዱን ይፈርምላችሁ። የእኛ ልጅ ፈርሞልናል።

ድኗል ብለን አንዋሽም። መድኃኒቱን «አልፈልግም» የሚልባቸው ቀናት አሉ። ቢሆንም ኮሌጅ ገብቶ አንድ ኮርስ ይማራል፤ የክፍሉም በር ክፍት ነው። ይህን ጽሑፍ ከመላካችን በፊት አነበብንለት። «ስሜን አትጻፉ እንጂ ሌላውን ጻፉት» አለን።

መንግሥታት ግልጽ ይሁኑ እያልን ስንጮህ ኖረናል። ግልጽነት ከየሳሎናችን ይጀምር። የፊታችን እሑድ «ልጆች ደህና ናቸው?» ስትባሉ፣ ደህና ካልሆኑ እውነቱን ለአንድ ሰው እንኳ ንገሩ። ያ ሰው የእናንተኑ ሸክም ተሸክሞ ይሆናል።

ቸር ያሰማን!