ባለቤቱ ሥራ ሲውል ስለሚጮኽ ውሻ



በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን የመንግሥት ሠራተኛ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚያጋጩት ነገሮች፥ ማለት ስለ ውሃ፥ ስለ ቆሻሻ መጣያና ስለ ልጆች ጠብ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ውሻ ጩኸት ግን ሲጻፍ እምብዛም አላየሁምና ይህችን አስተያየቴን በአንባብያን ዓምድ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ እኔ በምኖርበት በደባርቅ ከተማ በዚሁ ምክንያት ጎረቤታሞች ሰላምታ ሲከለካከሉ አይቻለሁ፤ ከዚያም አልፎ መርዝ ሲታሰብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የወገራን ደጋ ያቋረጠ ሰው የገጠሩን ውሻ ኑሮ ሳያይ አይቀርም። ውሻው ቀን ከእረኛውና ከበጎቹ ጋር ይውላል፤ ወይም በአጥሩ ሥር ተጋድሞ መንገደኛ ይጠብቃል። እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል። በጮኸም ጊዜ ከቤት አንድ ሰው ዱላ ይዞ ይወጣና ውሻውን «ተው!» ብሎ፥ እንግዳውን «ይግቡ፥ ምንም አይልም» ይለዋል። ውሻው ሥራውን ፈጽሟልና ተመልሶ ይተኛል። ማታ ጅብ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ እሱ ይጮኻል፥ ሰው ይነሣል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በእኔ አስተያየት የሰሜንን ውሻ አያውቀውም።

ይህንኑ ውሻ ቡችላ ሳለ ከገጠር አምጥቶ በግቢው ውስጥ በሁለት ክንድ ሰንሰለት ያሰረው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከጧቱ በ2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ገብቶ በ11 ሰዓት ተኩል ይወጣል። ቤቱ ባዶ ነው። ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ የሚያልፈውን ሰው፥ አህያና ባጃጅ እያየ ይጮኻል፤ የሚመልስለት የለም፤ ስለዚህ እንደ ገና ይጮኻል። የውሻን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች እንደሚያስረዱት ብቻውን የቀረ ውሻ ጩኸት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አላፊ አግዳሚውን አይቶ የሚጮኸው ነው። ሁለተኛው የብቸኝነት ጩኸት ሲሆን፥ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ድምፁም ከማስፈራራት ይልቅ ወደ ልቅሶ ያደላል። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ይገባል።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሚሠራ የጧት ተረኛ በሆንሁበት ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ፤ የከሰዓት ተረኛ ስሆን ደግሞ ጧቱን በቤቴ ነኝ። እንግዲህ የጎረቤቴን ውሻ ሙሉ ቀን የምሰማው በሁለት ሳምንት ተከፍሎ ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት አራስ አለች። ከእርስዋም ቀጥሎ ሌሊት ዘበኛ ሆኖ አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው አለ፤ መርዙን ያነሣው እሱ ነው። በክፋት የተናገረው አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

ወደ ውሻው ባለቤት ሄጄ ነገሩን ባነሣሁ ጊዜ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» ብዬ በትሕትና ጀመርሁ። እሳቸውም፥ «መምህር፥ እርስዎ የሰው ወሬ ሰምተው ነው እንጂ የእኔ ውሻ ጨዋ ነው፤ ቤት ስገባ ድምፁን እንኳ አልሰማም» አሉኝ። ሰውዬው አልዋሹም። ጌታው በግቢው ውስጥ ካለ ውሻው የሚጮኽበት ምክንያት የለውም፤ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላቸዋል። እንግዲህ በሰፈሩ ውስጥ ይህን ጩኸት ሊሰማ የማይችል አንድ ሰው ቢኖር ባለቤቱ ነው። በየቦታው የማየው ጠብ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ከሳሹ የሰማውን ይናገራል፥ ተከሳሹም ያልሰማውን ይክዳል፥ ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ይጣላሉ።

ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ከደብተር አንድ ቅጠል ቀድጄ ውሻው የጮኸበትን ሰዓት ለአሥር የሥራ ቀን ጻፍሁ። መቼ ጀመረ፥ መቼ ተወ፥ በዚያን ጊዜ በመንገድ ላይ ማን ነበር የሚል ብቻ ነው፤ የስድብ ቃል አልጨመርሁበትም። ወረቀቱን ሲያዩ ሁለት ነገር ተገለጠላቸው። ውሻው ሁልጊዜ እሳቸው በወጡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፤ ደግሞም ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ይነሣል። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «አራሲቱ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ንግግራችን ሌላ ሆነ።

ሕግስ ምን ይላል የሚል አንባቢ ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ፥ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፥ መጥፎ ሽታም ሆነ ድምፅ እንዳያወጣ ይከለክላል፤ ልኩንም ለመለየት የአካባቢው ልማድ እንዲታይ ያዝዛል። በቁጥር 2071 ደግሞ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ውሻው ሳያስበው አምልጦበት ቢሆን እንኳ አያድነውም። የአካባቢው ልማድ የሚለው ቃል ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ጅብ በሚዞርበት ደጋ ላይ ሌሊት የጮኸን ውሻ የሚከስ ሰው አላየሁም፤ ቅሬታው የቀኑ ነው። ሆኖም በውሻ ጩኸት ፍርድ ቤት የቆሙ ሁለት ጎረቤታሞች ከዚያ በኋላ በአንድ ዕድር ውስጥ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ አስቡት። ደግሞም የመጠጥ ቤቱን ድምፅ ማጉያ እስከ እኩለ ሌሊት ችሎ ውሻውን ብቻ የሚከስ ሰው ጥቂት አያስቀኝም አልልም።

ወደ መርዙ ልመለስ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን ያስገድል እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ መርዝ በሞተው ውሻ ሥጋ ውስጥ ይቀራል፤ ያንን የበላው ጥንብ አንሣም ይሞታል። የእኛ ሰማይ አጥንት ከላይ ጥሎ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው የትልቁ አሞራ አገር ነው፤ ጥድፊያ የያዘው አንድ ጎረቤት በሥጋ ጠቅልሎ የሚጥለው ነገር እስከ እሱ ይደርሳል። በመንገድ የሚጫወት ሕፃን ቢያነሣውስ?

ሌላው የሚሰጠው ምክር «ፍታውና ይሂድ» የሚል ነው። ይህ በሌላ ከተማ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ በደባርቅ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። በዚያ ደጋ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ የሳይንስ ስሙ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ከዚሁ ከሰሜን የተወሰደ ነው፥ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፥ በአገሪቱ ሁሉ ያለው ቁጥር 500 ያህል ብቻ ነው። ለዚህ አውሬ ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው የቤት ውሻ ነው። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ከቤት ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ውስጥ ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል ፈጅቷል፤ የተረፉትም እየተያዙ መከተብ አስፈልጓቸዋል። እንግዲህ ከሰንሰለት ተፈትቶ በቅሎ ነጂዎችን እየተከተለ ወደ ላይ የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ምን ይዞ እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። በዚሁ በሽታ የተያዘ ሰውም ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስለ ጩኸቱ ከመነጋገራችን በፊት ጋሼን መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ስለ ክትባቱ ነው፤ በዚያው ሳምንት አስከተቡት።

የተደረገውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ገንዘብ አልወጣበትም። ሁለት ክንድ የነበረው ሰንሰለት ቀርቶ በሁለት ግንድ መካከል ወፍራም ሽቦ ተወጠረ፥ ሰንሰለቱም በቀለበት እየተንሸራተተ ውሻው ከአጥር እስከ አጥር የሚሄድ ሆነ። በመንገድ በኩል ያለው የአጥር ቀዳዳ በአሮጌ ቆርቆሮ ተደፈነ። ጋሼ ጧት ጧት ከቢሮ በፊት ከከተማው ዳር ድረስ በገመድ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ይህ ለእሳቸውም ጤና ሆኗቸዋል። ሲወጡም ሥጋ ያልጨረሰ አጥንት ይሰጡታል፥ ያንን ሲግጥ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ማታ ገብተው በቀን ለጮኸው መምታት ከንቱ እንደ ሆነም ተረድተዋል፤ ውሻው የሚመታው ስለ ገቡ ይመስለዋል እንጂ ስለ ጩኸቱ መሆኑን አያውቅም። በጩኸቱ መካከል በአጥር ላይ «ዝም በል!» እያሉ መጮኽም እንዲሁ ነው፤ ሰው አብሮት የሚጮኽለት ይመስለዋል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን አንድ ተማሪዬ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚማር የገጠር ልጅ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ መብራት ስለማይበቃው ከትምህርት መልስ በጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያጠናል፥ በወርም ጥቂት ብር ይከፈለዋል። ውሻው ከእግሩ ሥር ይተኛል። አህያ የጫነ ሰው ሲያልፍ አሁንም ይጮኻል፤ ልጁ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ «ተው» ይለዋል፥ እሱም ይተዋል። ዘበኛው ከሞላ ጎደል ይተኛል። አራሲቱም ክርስትናውን ስታወጣ ጋሼን ጠርታቸዋለች።

አሁን የቀረን ክረምቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልጁ ወደ ወላጆቹ ወደ ዳባት ገጠር ለእርሻ ስለሚሄድ ለሁለት ወር ያህል በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ያስፈልገናል። እኔ በክረምት ማታ ማታ ብቻ ስለማስተምር ቀኑን ደብተሬንና መጽሐፌን ይዤ እዚያ ልቀመጥ እችላለሁ ብያለሁ፤ ጋሼ ግን ለመምህር ነውር ነው ብለው እስካሁን አልተስማሙም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደባርቅ