ወፏን የገደላት መስተዋት

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍታችን መስኮት ሥር አንዲት ዋኖስ ሞታ ተገኘች። ቀና ብለን ስናይ የተዘረጋው ክንፏ ቅርጽ እንደ ዱቄት ሆኖ መስተዋቱ ላይ ታትሟል። ከመካከላችን አንዱ፣ «ይሄ ደግ ምልክት አይደለም፤ ያውም ፈተና ሲደርስ!» አለ። ሌላው ሣቀ። ግቢውን የሚጠርጉት እናት ግን፣ «ልጆቼ፣ መስኮቱን ከወለወላችሁት ወዲህ እኮ ይህች ሦስተኛዋ ናት» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት መስኮቶቹን በጋዜጣ ወረቀት እያሸን ያጸዳነው እኛው ነበርን። ታዲያ ንጹሕ መስኮት ወፍ የሚገድለው እንዴት ነው?

በአማርኛችን የመስኮቱም፣ መልካችንን የምናይበትም ዕቃ ስሙ አንድ ነው፤ መስተዋት። ለወፍም ነገሩ ይኸው ነው። ውጭው ብሩህ፣ ክፍሉ ጨለም ያለ ሲሆን መስኮቱ ሰማዩንና ዛፉን መልሶ ያሳያል። ወፏ የምታየው ዛፍ ነው፤ ልታርፍበት ትበራለች። ክፍሉ በሁለት በኩል መስኮት ካለው ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው ብርሃን ስለሚታያት ክፍት መንገድ ይመስላታል። እኛ መስተዋት መኖሩን የምናውቀው ክፈፉን አይተን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረን ነው። ወፍ ግን ለመማር ጊዜ የላትም። በዚያ ላይ የብዙ ወፎች ዓይን በራሳቸው ግራና ቀኝ ስለሆነ ጎንና ጎናቸውን አስፍተው ቢያዩም፣ ፊት ለፊት ያለውን ርቀት እንደ እኛ አይለዩም።

ጉዳዩ ትንሽ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ብቻ ከሕንጻ ጋር ተጋጭተው በየዓመቱ የሚሞቱት ወፎች ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል። እዚያው አገር፣ በቺካጎ ከተማ፣ ማኮርሚክ ፕሌስ በሚባል የስብሰባ ማዕከል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በአንድ ሌሊት 1000 የሚጠጉ ወፎች ረግፈዋል። በተከታዩ ዓመት መስተዋቶቹ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ፕላስቲክ ተለጠፈ፤ የሚሞቱትም ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ወደ እኛም አገር በመስከረም ገደማ ከአውሮፓና ከእስያ ብዙ ወፎች ስምጥ ሸለቆን ተከትለው ይመጣሉ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ነጠብጣብ ነው ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

1ኛ/ ከመስተዋቱ በውጭ በኩል በልብስ ሳሙና ነጥብ በነጥብ ማድረግ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት በቁመትም በጎንም ከ5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ከሰፋ ትንንሾቹ ወፎች በመካከሉ ለማለፍ ይሞክራሉ።

2ኛ/ ዝናብ ሳሙናውን የሚያጥበው ከሆነ ከጣራው ጠርዝ በመስኮቱ ፊት ሲባጎ ማንጠልጠል። ልዩነቱ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋም ይሠራል።

3ኛ/ የማያስፈልገውን መብራት ማታ ማጥፋት፤ በሌሊት የሚጓዙትን ወፎች ይስባልና።

አንዳንድ ሰው አንድ የጭልፊት ሥዕል ለጥፎ ይተወዋል። ወፏ ግን ሥዕሉን ትሸሽና ከጎኑ ያለውን ባዶ መስተዋት ትመታለች። ከውስጥ የሚለጠፍ ነገርም ነጸብራቁ ስለሚሸፍነው እምብዛም አይረዳም።

ተጋጭታ በሕይወት ያለች ወፍ ካገኛችሁ ውኃ በአፏ አታንቆርቁሩባት። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ከድናችሁ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጧት። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ውጭ አውጥታችሁ ክፈቱላት፤ ከነቃች ራሷ ትበራለች።

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱን መስኮቶች በሳሙና ነጠብጥበናል። አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ያጸዳችሁትን መልሳችሁ አቆሸሻችሁት!» ብለው ቀልደዋል። ይቀልዱ። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ አንድ ልጅ የሞተች ወፍ ይዞ መጥቶ፣ «መምህር፣ ይህች ለምን ሞተች?» ይለናል። «ገደ ቢስ ናት፣ ጣላት» ልንለው ነው? ወይስ ወደ መስኮቱ ወስደን ወፏ ያየችውን ዛፍ ልናሳየው?

የላብራቶሪው መስኮት ገና አልተሠራም። የምትችሉ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ቁራጭ ሳሙና ይዛችሁ ኑ።