የጾም ብስኩት፦ ያለ ቅቤ ይጣፍጣል?

የከተማ ቤተሰብ የጾም ማዕድ ተለውጧል። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ በኦቾሎኒ ወይም በአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ የጾም ማኪያቶ ማዘዝ ተለምዷል። አሁን ደግሞ ተራው የታሸገ ብስኩት ሆኗል። ማሸጊያው ላይ «ቪጋን» የሚል ካነበቡ፣ በእኛ ቋንቋ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለው፣ ማለትም የጾም ነው።

ለልጆች መክሰስ ለሚያዘጋጅ ወላጅ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመውን ፍልሰታን ደግሞ ልጆች ሳይቀሩ ይወዱታል።

ባለፈው ፍልሰታ አገና፣ እናቴ ቤት ስንሄድ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የውጭ ሀገር የቪጋን «ቅቤ ብስኩት» ይዤ ነበር። ለማነጻጸሪያ በሰማያዊ ቆርቆሮ የሚመጣውን እውነተኛውን የቅቤ ብስኩትም ጨመርኩ። ጿሚዎቹ አንዱን ብቻ፣ የማይጾሙት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሁለቱንም ቀመሱ።

ፍርዱ ተመሳሳይ ነበር። ሲነከስ የሚሰጠው ድምፅና ፍርፍርታው ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ሽታው ላይ ነው። የቪጋኑ ስኳሩ ጎላ ይላል፤ ተውጦ ሲያልቅ አፍ ላይ የሚቀረው የቅቤ ጣዕም ግን የለም። ቡና ሲፈላና ብስኩቱ አብሮ ሲቀርብ ልዩነቱን ያስታወሰ አልነበረም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የብስኩት ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ሲሆን፣ በቀሪው ውስጥ ውኃ፣ ጥቂት የወተት ፕሮቲንና የወተት ስኳር አለ። ምድጃ ውስጥ እየቀሉ ያንን መዓዛ የሚሰጡት እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። በቪጋኑ ቅቤን የሚተካው አብዛኛውን ጊዜ የፓልም ዘይት ነው፤ እንደ ቅቤ ስለሚረጋ ብስኩቱን ያጠነክራል፣ የራሱ መዓዛ ግን የለውም። ስለዚህ ዝንጅብል ወይም ቀረፋ ያለበትን ቢመርጡ የሚጎድል ነገር አይሰማዎትም።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ግን ከጣዕሙ በፊት «እማዬ፣ ይኼ በእውነት የጾም ነው?» ብላ ጠየቀች። በገበያ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ይህን ጥያቄ አከብራለሁ፤ ማሸጊያ ላይ የሚጻፍ ቃል ለገዢ የተገባ ቃል ኪዳን ነውና። መልሱ ያለው ከፊት ለፊቱ ሥዕል ሳይሆን ከጀርባው ዝርዝር ነው። «ሚልክ»፣ «በተር»፣ «ኤግ»፣ «ዌይ»፣ «ኬዚን» ወይም «ላክቶስ» የሚል ካለ የጾም አይደለም። «ሌሲቲን» ግን ብዙውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ የሚወጣ ነው። ብዙ ርካሽ ብስኩቶች ድሮም በአትክልት ዘይት የሚሠሩ ናቸው፤ ከጾም የሚያስወጣቸው ጥቂት የወተት ዱቄት ነው።

ኦሪዮ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ ሲቀርብ ነጩ ክሬሙ የአሳማ ስብ ነበረበት፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአትክልት ስብ ተተካ። ዛሬ በተለመደው ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ወተት የለም፤ ሆኖም የወተት ርዝራዥ ሊነካው እንደሚችል አምራቹ ያሳውቃል። እንዲህ ያለው ማሳሰቢያ ለጾም ምን ያህል እንደሚያሳስብ የነፍስ አባትን መጠየቅ ይሻላል። ልጁ የወተት አለርጂ ካለበት ግን መተው ነው።

ጤናማ ነው ብለውም አይዘናጉ። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፤ ስኳሩም ስኳር ነው።

ከሁሉ የከበደው የእናቴ ጥያቄ ነበር፦ «ጾሙ የቅቤ አምሮትን መግታት አይደል? ታዲያ ቅቤ ቅቤ የሚል ፈልገሽ ምን ልትሠሪበት ነው?» ቅቤ በክትፎው፣ በጎመኑ፣ በበዓሉ ሁሉ ባለበት በጉራጌ ቤት ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ለእኔ ለአዋቂዋ መልስ የለውም፤ ቆጮ በዘይት ጎመን ይበቃኛል። ጾምን ገና ለሚለማመድ ልጅ ግን፣ ጓደኞቹ መክሰስ ሲያወጡ እሱም የሚያወጣው ነገር መኖሩ ጾሙን በደስታ እንዲጨርስ ያግዘዋል። እኛ ቤት የተስማማነው በዚህ ነው፦ ለልጆች፣ ለትምህርት ቤት መክሰስ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ። የቀረው ቆሎ ነው።